ከቦታ ቦታ የሄደው ጥላ
የመምህርት ጸሐይወርቅ አለሙ የሕይወት ታሪክ
ከ1936 እስከ 1982 ዓ.ም.

መምህርት ጸሐይወርቅ አለሙ ከአባታቸው ከአቶ አለሙ ገበየሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅነሽ በዳኔ በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በሰላሌ አውራጃ፣ በፍቼ ከተማ በ1936 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ብርድ ሲነካቸው ደረታቸው ያፏጭ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። አስም መሆኑ ቢታወቅም በዚያ ዘመን አስምን ማን ከበሽታ ይቆጥረዋል! "ስታድግ ይለቃታል" ተብሎ ታለፈ።

ቤቱን ያራደው ሌላ ሳል ነው። ታላቅ እህታቸው ብዙነሽ ስትስል ከርማ፣ ደም ስትተፋ ከርማ፣ በ1945 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከቀብር መልስ ልብሷ ተቃጠለ። የምትጠጣበት ዋንጫ በድንጋይ ተሰበረ። የተኛችበት መደብ ተፈንቅሎ በአዲስ ጭቃ ተለሰነ። ጎረቤቱ ለቅሶ ሲደርስ ከደጅ ቆሞ አለቀሰና ከደጅ ተመለሰ፤ ከዚያ ቤት እህል የቀመሰ አንድም ሰው አልነበረም። መምህርት ጸሐይወርቅ በዘጠኝ ዓመታቸው ይህን ሁሉ ቆመው አዩ። ብዙነሽ ልትሞት ሰሞን ተደብቃ በእጇ አጉርሳቸው ነበር። ያቺን ጉርሻ ለማንም ሳይናገሩ፣ ዛሬ ይዞኝ ይሆን ነገ ይዞኝ ይሆን እያሉ ልጅነታቸውን በፍርሃት ጨረሱ። ለልጃቸው ለጽጌሬዳ እንኳ የነገሯት በመጨረሻው ዓመት ነው።

አባታቸው የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበሩ በ1948 ዓ.ም. ወደ ሲዳሞ ተዛወሩና ቤተሰቡ ይርጋለም ገባ። መምህርት ጸሐይወርቅ ትምህርታቸውን በዚያው ተከታትለው፣ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በይርጋለም፣ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዋሳ አስተማሩ። አማርኛ ከቤቱ ይዞ ያልመጣውን ልጅ በሲዳምኛ እያባበሉ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ቁጣቸው ግን አይጣል ነው! ጠመኔ ወርውረው ስተው አያውቁም። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መሐል ጆሮውን የሚዳብስ እንደማይጠፋ እናውቃለን።

በ1962 ዓ.ም. ከአቶ ግዛቸው መንገሻ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እዚያው አዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ጎጆ ወጡ። ታምሩን በ1964፣ ጽጌሬዳን በ1967 ዓ.ም. ወለዱ። የእህታቸው ጉርሻ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ምንም ስላላደረጋቸው ፍርሃታቸው ተኝቶ ነበር፤ እንዲያውም የሰፈሩ አጉራሽ እርሳቸው ሆኑ። እንግዳ ይሁን ጎረቤት፣ ደብተር ሊያደርስ የመጣ ተማሪ እንኳ ሳይጎርስ አይወጣም። ጠቅልለው ጠቅልለው አፍ የማይችለውን ያህል ያደርጉትና "በሞቴ!" ይላሉ። ሰው እንቢ ሲል "ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው" ብለው ይስቁበታል። ልጆቻቸውን ሳያጎርሱ ደግሞ ራሳቸው አይቀምሱም ነበር።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ከቀበሌ ሱቅ የሚሰፈረው እህል ከወር ወር አላደርስ አለ። አቶ ግዛቸው በመከር ጊዜ በቆሎ ከገጠር እያስመጡ በሰርቪስ ቤቱ ያስቀምጡ ጀመር። ቢበዛ አራት አምስት ማዳበሪያ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ለልጆቹ ቀለብ ያኖረውም፣ ሊቸበችበው የደበቀውም እኩል "የኢኮኖሚ አሻጥረኛ" ተብሎ ሲወሰድ ታይቷል። ስለዚህ የሰርቪሱ መስኮት ከውስጥ በጣውላ ተመታ፣ ቀዳዳው በጨርቅ ተወተፈ። የሐይቁ እርጥበት ገብቶ መውጫ አጣ፤ በቆሎውም ከሥር ከሥሩ ሻገተ። ቀለብ የሚነሣው ከላይኛው ስለሆነ የታችኛውን ያየው ሰው አልነበረም።

በ1972 ዓ.ም. ክረምት መምህርት ጸሐይወርቅን ሳል ጀመራቸው። ያተኩሳቸዋል፣ ከሰውነት ወጡ፣ ቡናማ ጓል የመሰለ አክታ ይወጣቸዋል። ከአንድ ክሊኒክ ሄደው የደረት ራጅ ተነሡ። በቀኝ ሳንባቸው አናት ላይ ነጭ ጥላ ታየ። አክታቸው ተደጋግሞ ተመርምሮ የነቀርሳ ተሕዋስ አልተገኘበትም፤ ሆኖም "አንዳንዴ ይሸሸጋል፤ ራጅ አይዋሽም" ተባሉ። ራጁስ በእርግጥ አልዋሸም። የተሳሳተው ያነበበው ሰው ነው። እርሳቸው ግን ቃሉን ሲሰሙ ለመጠራጠር አቅም አልነበራቸውም፤ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩት ደረሰ።

ከክሊኒኩ ሲመለሱ ቤት አልገቡም። ከግቢው በር ቆመው አቶ ግዛቸውን ጠሩና "ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገባልኝ" አሉ። ፍራሻቸውን በሰርቪስ ቤቱ፣ ከበቆሎው ጎን አስነጠፉ። አቶ ግዛቸው መስኮቱን ልክፈተው ቢሉ እርሳቸው ናቸው እንቢ ያሉት፤ በቆሎው ከታየ ባላቸው ይታሰራል፣ ልጆቹ ደግሞ ያለ አባትም ያለ እናትም ሊቀሩ ነው። የሚጠጡበትን ሰማያዊ ኩባያ ጆሮውን በቀይ ክር አሰሩት፤ ልጆቹ ተሳስተው እንዳይነኩት ነው። የራጁን ፎቶ አቶ ግዛቸው ሰው እንዳያይ በፖስታው እንዳለ ከታችኛው ማዳበሪያ ሥር ከተቱት። ለትምህርት ቤቱ ድምፄ ተዘጋ ብለው አመልክተው ከክፍል ወጥተው ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛወሩ። የታዘዘላቸውን የነቀርሳ መርፌም ሰፈሩ እንዳይሰማ ከከተማ ወጣ ብለው ይወጉ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ያን ጊዜ ሳይደብቅ የኖረ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

ጉርሻም ቀረ። ታምሩ ስምንት ዓመቱ ስለነበር ነገሩ ይገባው ነበር። ጽጌሬዳ ግን ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ እየሮጠች ትመጣለች። መምህርት ጸሐይወርቅ ከግቢው መሐል የልብስ ማጠቢያውን ድንጋይ አሳይተው "ከዚህ ብታልፊ እማማ ትሞትብሻለች" አሏት። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ከድንጋዩ አላለፈችም። እዚያ ላይ ቁጭ ብላ እናቷን ከሩቅ እያየች ትበላለች፤ እናትየውም ከደጃፉ ሆነው እያዩዋት ይበላሉ። ወደ ሰርቪሱ የሚገቡት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉዬ ብቻ ነበሩ። ከሐይቁ ዳር ከቡሹሎ መንደር ተወልደው አዋሳ ያደጉት፣ ዓሣ የሚነግዱት ወይዘሮ ሙሉዬ የዓሣ ሾርባ ይዘው ይመጡና አጠገባቸው ተቀምጠው ይጸልያሉ። መምህርት ጸሐይወርቅ "ኧረ ውጪ፣ ይይዝሻል!" ሲሏቸው "ጌታ አይቶኛል፤ አንቺ ሾርባውን ጠጪ" ይሏቸው ነበር።

መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳያጓድሉ ወሰዱ፤ አልተሻላቸውም። እቤት ሲውሉ ይብስባቸዋል፣ ሥራ ሲውሉ ትንሽ ይተነፍሳሉ። ይህን ያስተዋለ አልነበረም። እንዲያውም በባሰባቸው ቁጥር በሩን አጥብቀው ይዘጉ ነበር። ልጆቹን ለማዳን ብለው በገቡበት ክፍል ያለቀላቸው ይመስል ነበር።

በግንቦት 1974 ዓ.ም. ሁለተኛ ራጅ ተነሡ። አሁን ጥላው በግራ ሳንባ ነው። "ወደ ሌላውም ተዛምቷል" ተባሉ። መምህርት ጸሐይወርቅ ይህን እንደሞት ፍርድ ቆጠሩት። የልጆቹ የክረምት ሹራብ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ፣ ለሁለት ዓመት እንዲበቃ፣ ሰው እንዲሠራላቸው አዘዙ። አቶ ግዛቸው ግን "አዲስ አበባ ሳላሳይሽ አልቀብርሽም" አሉ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ምክንያት ሲጠየቁ "ለቅሶ" ብለው ተናገሩ፤ በሽታውን ላለመጥራት ብለው ነው። ልጆቹ ከወይዘሮ ሙሉዬ ዘንድ ቀሩ። አውቶቡሱ ውስጥ መምህርት ጸሐይወርቅ ሻሻቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ነው የሄዱት፤ ካሳልኩ ያወርዱኛል ብለው።

በአዲስ አበባ ያዩዋቸው የሳንባ ሐኪም ዶክተር አምሳሉ ይባላሉ። ዶክተሩ አዲስ ራጅ አስነሥተው ከሁለተኛው ፎቶ አጠገብ ሰቀሉና ሁለቱን ደጋግመው አስተያዩ። በኋላ "የመጀመሪያው ፎቶ የት አለ?" ብለው ጠየቁ። አቶ ግዛቸው ፎቶውን ሊያመጡ ወደ አዋሳ ተመለሱ። በዚያ መሐል በሽተኛዋ ሆስፒታል ተኝተው ሰነበቱ፣ አዲስ መድኃኒትም ሳይጀምሩ ሳላቸው ቀነሰ። መምህርት ጸሐይወርቅ ይህን ሊሞት ለተቃረበ ሰው የምትመጣ የመጨረሻ ማገገም ናት ብለው ይበልጥ ፈሩ።

አቶ ግዛቸው ፎቶውን ከበቆሎው ሥር ጎትተው እንደነበረ ይዘው መጡ። ዶክተሩ ፊልሙን ከፖስታው ሲያወጡት አረንጓዴ አቧራ ከጠረጴዛው ላይ ቡን አለ። መምህርት ጸሐይወርቅ አጠገቡ ነበሩ። ወዲያው ደረታቸው ተዘጋ፤ ያፏጫሉ፣ ፊታቸው ጠቆረ፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው አየር ይለምኑ ጀመር። ነርሶች መርፌ ይዘው ሮጡ። አቶ ግዛቸው ሚስቴ ሞተች ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። ትንፋሻቸው ከተመለሰ በኋላ ዶክተሩ ፖስታውን በጨርቅ ይዘው "ይህ የት ነበር የተቀመጠው?" አሉ። መምህርት ጸሐይወርቅ "እኔ ከምተኛበት" ብለው መለሱ።

ከዚያ ወዲያ ዶክተሩ ሦስቱን ፎቶዎች በተርታ ሰቅለው አሳዩዋቸው። በመጀመሪያው በቀኝ የነበረው ጥላ በሁለተኛው ላይ የለም፣ ጠፍቷል። በግራ ያለው ደግሞ አዲስ መጥ ነው። በሦስተኛው ላይ እርሱም መሳሳት ጀምሯል። "ነቀርሳ የያዘውን ቦታ በልቶ ጠባሳ ትቶ ነው የሚሄድ። ይህ ግን ቦታ ይለዋውጣል" አሏቸው። በአስም የተጎዳ ደረት የሻጋታን ብናኝ ሲስብ ሰውነቱ ከሻጋታው ጋር ይጣላል፤ በጠቡ መሐል የሚረጋው አክታ የአየር ቧንቧውን ይደፍነዋል፤ ጥላ ሆኖ የሚታየው ይህ ነው። አክታቸውም እንደገና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሻጋታው ክር ተገኘበት። ቢሆንም ዶክተሩ ለመፍረድ አልቸኮሉም፤ ቧንቧው ራሱ ምን ያህል እንደተጎዳ ማየት ያስፈልጋል አሉ።

የዚያ ዘመን መንገዱ አስፈሪ ነበር። ጉሮሮ ደንዝዞ በቀጭን ቱቦ ቀለም ወደ ሳንባ ይፈስሳል፣ ቀለሙ በየቧንቧው ሲሄድ ራጅ ይነሣል። ለአስም በሽተኛ ደግሞ እዚያው ታፍኖ መቅረት አለ። ፈርሙ ተባሉ። መምህርት ጸሐይወርቅ ከመፈረማቸው በፊት ባላቸውን ጠርተው "ከሞትኩ ሬሳዬን አዋሳ አትውሰድ፤ ልጆቹ ይጠጉታል" አሉ። ከዚያ ፈረሙ። ቱቦው ሲገባ፣ ቀለሙ ሲወርድ፣ አልጋው ወዲያ ወዲህ ሲዘነበል፣ ውኃ ውስጥ የሰጠሙ መስሏቸው ነበር። አትሳሉ ተብለዋልና አልሳሉም። ያን ሰዓት ሲያስታውሱ ፊታቸው ይቀየር ነበር።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ በሐይቁ ዳር እንዳለው ዋርካ ነጭ ዛፍ ታየ። ጫፍ ጫፉ ያሉት ቅርንጫፎች ቀጭንና ጤነኛ ናቸው። ግንዱ አጠገብ ያሉት ግን አብጠው፣ ሰፍተው፣ እንደ ከረጢት ተንጠልጥለዋል። የዚህ የሻጋታ በሽታ ዋና ምልክቱ ይኸው ነው ብለው ዶክተሩ አስረዷቸው፤ ከመሐል ይጎዳል፣ ዳሩን ይተወዋል። "የሰፋው ቧንቧ ተመልሶ አይጠብም፤ በእርሱ አልዋሽዎትም። ጥቃቱን ግን በክኒን እናስታግሰዋለን። ከዚያ ክፍል ይውጡ" አሏቸው። መምህርት ጸሐይወርቅ ስንት ዓመት እንደሚኖሩ አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ "ልጆቼን ላጉርስ?" ዶክተር አምሳሉ መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር። ሲገባቸው መነጽራቸውን አወለቁና "ያጉርሱ እንጂ! ከእርስዎ ወደ ማንም አይተላለፍም" አሏቸው።

በመስከረም 1975 ዓ.ም. አዋሳ ሲገቡ አቶ ግዛቸው አስቀድመው በቆሎውን አውጥተው ጥለው፣ የመስኮቱን ጣውላ ነቅለው ነበር። ቢታሰሩም ይታሰሩ ብለው ነው፤ ደግነቱ ጠያቂ አልመጣም። መምህርት ጸሐይወርቅ ከሁለት ዓመት በኋላ በትልቁ ቤት ገበታ ቀረቡ። ጠቅልለው ወደ ጽጌሬዳ ሲዘረጉ ልጅቱ ወደ ኋላ ሸሸች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የእናቷ እጅ እንደሚገድል ያስተማሯት ራሳቸው እናቷ ናቸው። አባቷን አየች፣ ወንድሟን አየች። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሙሉዬ ከጎን ተነሥተው ያን ሰማያዊ ኩባያ አነሡ፣ ቀዩን ክር በጥርሳቸው በጠሱ፣ ውኃ ቀድተው እስከ ጭላጩ ጠጡበት። ከዚያ በኋላ ነው ጽጌሬዳ አፏን የከፈተችው። እናትየው ደግሞ ካጎረሷት በኋላ ለብዙ ቀን፣ ሳለች አልሳለችም እያሉ ሲያዳምጧት ሰነበቱ። ፍርሃት ወረቀት አይቶ በአንድ ጊዜ አይለቅም።

በዚያው ዓመት ወደ ክፍላቸው ተመልሰው እስከዚህ ዓመት አስተምረዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ይታመማሉ፤ ክኒኑ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ከከተማ ይጠፋል። ሰው ቤት ሲገቡ መስኮት ሳይከፍቱ አይቀመጡም፣ ጎተራውን ሳያሸቱ አይወጡም፤ "እህላችሁን አናፍሱ!" እያሉ ሰፈሩን አስመርረዋል። በጥር 1982 ዓ.ም. ታምሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሲሄድ ሳህን በፎጣ ሸፍነው መናኸሪያ ድረስ ሄዱ። በአውቶቡሱ መስኮት አጎረሱት። ጓዶቹ አጠገቡ ነበሩና "እኛስ እማማ?" አሉ። ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስ በየመስኮቱ እየዞሩ አጎረሱ። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ባዶውን ሳህን ይዘው ቆመው ቀሩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍርሃታቸው ለራሳቸው ደረት መሆኑ ቀርቶ ለእርሱ ሆነ።

ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ በተጎዱት ቧንቧዎቻቸው ውስጥ ኢንፌክሽን ተፈጠረ። ደምም አሳላቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በመጨረሻ ቀናቸው መዋጥ አቅቷቸው ስለነበር ጽጌሬዳ ገንፎ በጣቷ ጫፍ አቀመሰቻቸው። "ያንቺ ጉርሻ ትንሽ ናት" አሏት። የቀለዱት የመጨረሻ ቀልድ እርሱ ነው።

መምህርት ጸሐይወርቅ የአቶ ግዛቸው ባለቤት፣ የታምሩና የጽጌሬዳ እናት፣ የአቶ ጌታቸው አለሙ ታላቅ እህት ነበሩ። ታምሩ በሰሜን ግንባር ነው፤ መርዶው አልደረሰውም። ከሄደ ወዲህም ከእርሱ የመጣው ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። እባካችሁ በጸሎታችሁ አትርሱት።

ይህን ታሪክ እንዲህ ዘርዝረን የጻፍንበት ምክንያት አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም ሰምተናል። ደም ካሳላቸው ጀምሮ "ያው ያ የድሮው ነቀርሳ ነው፤ ቤተሰቡ ደብቆ ነው" እየተባለ ነው። ትናንት ሬሳ ሊያጥቡ ከመጡት መሐል አፍንጫቸውን ሸፍነው የተመለሱ አሉ። ፍራሹን አቃጥሉ ብለው የመከሩንም አሉ። አንቀየምም፤ እኛም የፈራን ሰዎች ነን፣ ፍርሃት ምን እንደሚያደርግ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት በፍቼ እንደሆነው፣ ከደጅ አልቅሳችሁ ከደጅ እንዳትመለሱብን እንለምናለን። ከቀብር መልስ ድንኳን ግቡ፣ እህል ቅመሱ። ሦስቱም ፎቶዎች፣ ያ ነጭ ዛፍ ያለበት አራተኛውም ጭምር፣ በብርሃን እንዲታዩ በድንኳኑ በር ላይ ተሰቅለዋል። ሰማያዊው ኩባያ ደግሞ ከእድሩ ኩባያዎች ጋር ተቀላቅሎ ውኃ ተቀድቶበታል። እድሩ ያመጣቸውም ሁሉ ሰማያዊ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ አንነግራችሁም።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ መስኮቱ በማይዘጋበት፣ ትንፋሽ በማያጥርበት ቤቱ ያኑርልን። ብዙነሽ በፊታቸው ትቁም፤ ያቺን ጉርሻ ያለ ፍርሃት ትድገማቸው። አሜን።